ያልተካፈልነው ቤት

አባታችን ባረፈ በመንፈቁ ወንድሜ ከአዲስ አበባ፣ እህቴ ከዲላ መጡ። የመጡት ውርሱን ለመካፈል ነበር፤ ቃሉን ከአፉ ያወጣ ሰው ግን አልነበረም። ወንድሜ በስልክ «ነገሮችን መልክ እናስይዝ» አለኝ። እህቴ «እስቲ ሁላችንም እንገናኝ» አለችኝ። እኔም «እሺ» አልኩና መጋረጃ ማጠብ ጀመርኩ።

የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነኝ። ወንድሜ ሥራ ይዞ ከሐዋሳ ሲወጣ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። እህቴ ስታገባ ሚዜዎቹን ፈርቼ ጓዳ ስለተደበቅኩ ኬኩን እዚያው አምጥተውልኝ እንደበላሁ አስታውሳለሁ። ዩኒቨርሲቲም የተማርኩት እዚሁ ነው፤ ጠዋት ከቤት እየወጣሁ፣ ማታ እየተመለስኩ። ስመረቅ እናታችን ታመመች። እሷ ስታርፍ ደግሞ አባታችን ታመመ። ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት ስል ዓመታቱ ሄዱ። ሰዎች «የወላጆቿን ምርቃት የጠገበች» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ጠግቤአለሁ። ምርቃት ግን ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ራት አይበላም።

የቀረልን ንብረት ሦስት ነገር ነበር። አንደኛው ከታቦር ተራራ ሥር ያለው፣ ሦስታችንም ያደግንበት ቤት ነው፤ ግቢው ውስጥ ጦጣዎች የሚጣሉበት ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለው። ሁለተኛው፣ አባታችን ኋላ የገዛው፣ ካርታውም በሩም የተለየ፣ ከጎናችን ያለ የኪራይ ቤት ነው። ሦስተኛው ገበያ ውስጥ ያለው ሱቅ ነው። አባታችን ገመድ፣ ጄሪካን፣ ሚስማርና ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚጠግኑበትን ክር ይሸጥበት ነበር፤ ከታመመ ወዲህ ግን ተዘግቷል። ሦስት ልጆች፣ ሦስት ንብረት። ጎረቤቱ ሁሉ «እግዚአብሔር ራሱ አካፍሏችኋል» ይለን ነበር።

እኔ የፈራሁት ከክፍፍሉ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። እዚያው ሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ። ወንድሞቻቸው ከወላጆቻቸው የቀረውን ቤት «እህታችን ናት፣ እሷ ጧሪ ነበረች» ብለው ሙሉ ለሙሉ ትተውላቸዋል። ሰፈሩ እስከ ዛሬ በምሳሌነት ያነሳዋል። እናቴ በሕይወት ሳለች አንድ ቀን «ወንድሞችዎ ደህና ናቸው? ይመጣሉ?» ብላ ስትጠይቃቸው ሰምቻለሁ።

«ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ ልጄ?» አሉ ሴትዮዋ። «እዚህ የቀራቸው ነገር የለም እኮ።»

ያሉት ያለ ቅሬታ ነው። ሽሮ ሊዋሱ መጥተው ነበር፤ ተቀብለው ሄዱ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በራቸው ላይ ሳልፍ እግሬ ይፈጥናል።

ወንድሜና እህቴ ዓርብ ገቡ። የአባታችን ታናሽ ወንድም፣ አጎታችን፣ ከዱራሜ መጥተው ተጨመሩ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ በመካከላችን ተቀምጠው እንዲያዩልን ነበር የጠራናቸው። ቅዳሜ ወንድሜ «መጀመሪያ ዓሣ እንብላ፣ ሌላው ይደርሳል» ብሎ ሁላችንንም ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወሰደን። እሱ ጥሬውን በአዋዜ፣ እኛ የተጠበሰውን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ሰብስበው ለቅሶ ቤት እንደተቀመጡ ሽማግሌዎች ዙሪያችንን ቆመዋል።

«ተው፣ ያንተ ሆድ አሁን የአዲስ አበባ ሆድ ነው» አለችው እህቴ። «ነገ ስንካፈል ሽንት ቤት ሆነህ እንዳታካፍለን።»

«አንቺ ሽንኩርትሽን ብዪ።»

አጎቴ እሾሁን በጥንቃቄ እየለቀሙ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ? ዓሣው ነው እንዴ አንቺን የበላሽ?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሐይቁ ዳር ከእነሱ ጋር መቀመጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ሲለኝ ደግሞ ይበልጥ ዝም እላለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳሎን ተሰበሰብን። አጎቴ ጸለዩ። ከዚያ ወንድሜ «በአባባ ሕግ ይሁን» አለ፤ ሁላችንም ተስማማን።

የአባባ ሕግ የሚባለው ይህ ነው፦ ታላቅ ይከፍላል፣ ታናሽ ቀድሞ ይመርጣል፣ የከፈለው የመጨረሻውን ይወስዳል። «የከፈለ አይመርጥም፣ የመረጠ አያማርርም» ይል ነበር አባታችን። ከገበያ ሸንኮራ ይዞ ሲመጣ ቢላዋውን ለወንድሜ ይሰጠዋል። ወንድሜ ጫፉ ለራሱ እንዳይተርፍ ሲል እየለካ ይቆርጣል። መጀመሪያ የምመርጠው እኔ ነበርኩ። ሰው እያየኝ እጄን አርቄ መዘርጋት ስለማልችል ሁልጊዜ የማነሳው ቅርቤ ያለውን ነው።

ወንድሜ ከኪሱ ሦስት ቁልፎች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። የሱቁን ከወዲያ ጫፍ፣ የኪራይ ቤቱን መሐል ላይ፣ ያደግንበትን ቤት ቁልፍ ደግሞ እኔ ፊት።

«በይ ምረጪ» አሉኝ አጎቴ።

እህቴ ሳቀች። «ምን ትመርጣለች! ያኔም ትልቁን ሸንኮራ እሷ አፍንጫ ሥር ነበር የሚያስቀምጠው። እጇን እንደማትዘረጋ ያውቃላ!»

«አንቺ ዝም በይ» አላት ወንድሜ።

«ውሸት ነው? እኔ ስንት ዓመት ትንሹን ሳኝክ ኖርኩ!»

ይህን አላውቅም ነበር። ወንድሜን ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ ኮርኒሱን ያያል። ቁልፉ እጄ አጠገብ ነው። ቤቱን ሊሰጡኝ ነበር። በፍቅር፣ ማንም ሳይከፋ፣ ልክ እንደዚያች ጎረቤታችን ሊሰጡኝ ነበር። እሱን ካነሳሁ በኋላ ሱቁንም የኪራይ ቤቱንም ሸጠው ወደየቤታቸው እንደሚሄዱ ታየኝ። በዓል ሲሆን ይደውላሉ። «ተባረኪ» ይሉኛል።

ከወንበሬ ትንሽ ተነሳሁና ጠረጴዛውን አቋርጬ የሱቁን ቁልፍ አነሳሁ።

«ሱቁን?» አለ ወንድሜ።

«ሱቁን።»

«አንቺ?» አለች እህቴ። «ደንበኛ ሲመጣ የት ልትደበቂ ነው? ጄሪካን ውስጥ?»

አጎቴ ሳይቀሩ ሳቁ። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ሁሉም ቁልፉን እያዩ ቀሩ። ተራው የእህቴ ነበር። ታላቅ ወንድሟ እያለ ትልቁን ቤት ማንሳት ከብዷት የኪራይ ቤቱን ወሰደች። ጠረጴዛው ላይ የቀረው የቤቱ ቁልፍ ነው፤ የሚወስደውም የከፈለው ሰው። የወንድሜ ፊት ሲለወጥ አየሁ።

«ይሄማ አይሆንም» አለ። «ሰው ምን ይላል? ከፋፍሎ ትልቁን ለራሱ አስቀረ ነው የሚሉኝ።»

«ሕጉ ሕግ ነው» አሉ አጎቴ፤ እሳቸውም ግን ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነበር። ቤቱ የወንድሜ ከሆነ ቤቱን ለማየት ይመጣል። እህቴም ኪራይ ልትሰበስብ ከጎናችን ብቅ ትላለች። እኔ ከወንድሜ አንድ ክፍል ለምኜ እኖራለሁ። ይህን ሁሉ ለማንም አልነገርኩም። የገባቸው መሰለኝ። ዕቃ ሳጥብ ለራሴ እያዜምኩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ፣ ሁለቱ ከአቮካዶው ሥር ተቀምጠው ሲያወሩ ሰማሁ። አላዩኝም፤ በመካከላችን አንሶላ ተሰጥቶ ነበር።

«ቤቱን እኮ አልፈለገችውም» ትላለች እህቴ። «ሁለት በሽተኛ ያስታመመችበት ቤት ነው። ማን ይፈልገዋል? እኛ መች ጠየቅናት?» ድምፅዋ ተቆረጠ። እያለቀሰች ነበር።

«አውቃለሁ» አለ ወንድሜ። «እንሽጠውና ሦስት ቦታ እንካፈለው። እሷ ለሥራዋ ቅርብ የሆነ ጥሩ ኮንዶሚኒየም ትግዛ። ከዚህ ትውጣ፣ ትረፍ።»

«ሰውም ሳትተዋወቅ እዚህ ተዘግታ...»

የወንድሜን ሸሚዝ ይዤ ቆሜአለሁ። አንሶላውን ገልጬ ብቅ ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ሸሚዙን ሰቀልኩት፣ አወረድኩት፣ እንደገና ሰቀልኩት። ስለ እኔ እያለቀሰች ያለችን እህት «ተሳስተሻል» ብሎ መጀመር እንዴት እንደሆነ አላውቅበትም። ማታ ሁለቱም ተደስተው ሐሳባቸውን ሲነግሩኝም «ደስ አላለሽም?» ለሚለው ጥያቄ፣ ብሎኛል ለማለት፣ ራሴን ነቀነቅኩ።

ወንድሜ ለሳምንቱ ፈቃድ ወስዶ ስለነበር ነገሩን ሳይጨርስ መሄድ አልፈለገም። ማክሰኞ ደላላ ገዢ ይዞ መጣ። ደላላው አፉ የማያርፍ ሰው ነው። «የሐይቁ ነፋስ እዚህ ድረስ ይገባል ጌታዬ፤ ቬንትሌተር የሚባል ነገር አያስፈልግዎትም!» ይላል። ገዢው ዝምተኛ ነው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግቢውን በእርምጃ ይለካል። አቮካዶው ሥር ቆም አለና ቀና ብሎ አየው።

«ይሄ ይቆረጣል» አለ። «የእንግዳ ማረፊያው እስከዚህ ይመጣል።»

እኔ ውሃ በትሪ ይዤ ወጣሁ። ገዢው ብርጭቆውን ሲያነሳ በትሕትና ጠየቀኝ፦ «እህቴ፣ እዚህ ሰፈር የቧንቧ ውሃ ይጠፋል?»

አንዳንድ ቀን እንደሚጠፋ፣ ታንከር እንዳለን ልነግረው ነበር አፌን የከፈትኩት።

«ቤቱ አይሸጥም» አልኩ።

ደላላው ሳቀ። «እህታችን ቀልደኛ ናት።»

«አይሸጥም።»

እህቴ መጥታ ትሪውን ከእጄ ወሰደች። ወንድሜ ሰዎቹን ይቅርታ እየጠየቀ እስከ በሩ ሸኛቸውና ተመለሰ። አልተቆጣም። ግራ ገብቶታል።

«ቁልፉን የተውሽው ራስሽ ነሽ» አለኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«እናንተ እንድትወስዱት ነው።»

«ወስደን ምን እንድናደርገው?»

«እንድትመጡ።»

እህቴ ትሪውን በረንዳው ላይ አስቀመጠች። «እንድንመጣ? እኛ አንቺ ጋ የምንመጣው ለቁልፍ ነው እንዴ?» አለች፤ እሷ ነበረች የተቆጣችው።

«ለምንድን ነው የምትመጡት እትዬ?»

ልወጋት ብዬ አልነበረም። ማወቅ ፈልጌ ነው። እናታችን ስትታመም መጥተዋል፤ ስንቀብራትም መጥተዋል። ለአባታችንም እንደዚያው። አሁን ለመካፈል መጡ። ቀጥሎ የሚያመጣቸው ምን እንደሆነ ከልቤ አስቤ አጥቼዋለሁ። እህቴ ወንድሜን አየችው። እሱም አያት። የአቮካዶ ቅጠል ከላይ መጥቶ እግራችን ሥር ወደቀ፤ ጦጣዎቹ ናቸው።

አጎቴ በረንዳ ላይ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይሰሙን ነበር።

«ሳይካፈሉ የቀሩት ቤት ጠብ ያመጣል» አሉ። «እኔ ብዙ አይቻለሁ።»

«ለጠብም ቢሆን ይመጣሉ፣ አጎቴ» አልኳቸው።

አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ድረስ። «እንዲህ የምትናገር ልጅ እዚህ ቤት ነበረች እንዴ?» ይላሉ። እህቴ አቀፈችኝ፤ አንገቴ ላይ ሆና «ሞኝ» አለችኝ።

ቤቱን ሳንካፈለው በሦስታችንም ስም አቆየነው። ሱቁ ለእኔ፣ የኪራይ ቤቱ ለእህቴ እንደተመረጠው ሆነ። ወንድሜ ከኪራይ ቤቱ ገቢ ድርሻ እንዲኖረው ሁለቱ ለብቻቸው ተስማሙ። እኔን አላማከሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በማግስቱ ሁለቱም የልጅነት ክፍላቸውን ያዙና ለየበራቸው አዲስ ቁልፍ አስገጠሙ። አናጢው ሲሠራ እንደ ልጅ ይዘላሉ።

«ክፍሌ ውስጥ ሽንኩርት እንዳታስቀምጪ» አለኝ ወንድሜ።

«የእኔን ደግሞ ለጦጣ እንዳታከራዪ» አለች እህቴ።

ሐሙስ ሄዱ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁን እከፍታለሁ። መሥሪያ ቤት የሚያውቁኝ ሲሰሙ አያምኑም። ዓሣ አጥማጆቹ ክር ሊገዙ ይመጣሉ፤ ዋጋ ስነግራቸው ጆሯቸውን ወደ እኔ ያዘነብላሉ። አንዱ «እህቴ፣ ከእኔ ጋር ነው ወይስ ከክሩ ጋር የምታወሪው?» ብሎኛል። በዓይኑ ከሚጠቅሰው ጓደኛው ጋር በሲዳምኛ የሆነ ነገር ተባብለው ሳቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ተመልሶ መጣ።

ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፊቼ፣ እህቴ ልጆቿን ይዛ ልትመጣ ነበር። በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ሜዳ አብረን ሄደን ልናሳያቸው ተነጋግረን፣ ክፍሏን አናፍሼ ጠበቅኳት፤ ቁልፏን ትታልኝ ነበርና። ትንሹን ልጇን ትኩሳት ያዘውና ቀረች። ይዛው ልትመጣ የነበረውን ቆጮ በሚኒባስ ሹፌር ላከችልኝ። ብቻዬን ወጥቼ ጉዱማሌ ጥግ ላይ ቆምኩ። ሰው በቤተሰብ በቤተሰብ ሆኖ ያልፋል፤ አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተዋል። ሰው የምጠብቅ መስዬ ስልኬን እያየሁ ትንሽ ቆየሁና ተመለስኩ።

ወንድሜ መጣ። የመጣው ለስብሰባ ነው፤ ያደረው ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ስለከፈለለት። «የተከፈለበት አልጋ ምን ላድርገው?» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ለምሳ ቤት መጣ። ከበላን በኋላ ክፍሉን ከፈተ፣ «ታፍኗል» ብሎ መስኮቱን ከፈተ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ያመጣው መኪና በር ላይ ጥሩንባ ሲነፋ ተነሣ። በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። መስኮቱ ክፍት ቀረ።

በዚያው ሳምንት ዝናብ ጀመረ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ውሃው ከውስጥ ወለሉን ሲመታ እሰማ ነበር። በበሩ ሥር ቀጭን ውሃ ወጣ። ጃንጥላ ይዤ በጓሮ ዞርኩ። መስኮቱ ወደ ውጭ የሚከፈት ነው፤ ገፋ ባደርገው ይገጥማል። እጄን አሳረፍኩበት። የረጠበው አንሶላ ከዚያ ይታየኛል። እጄን መለስኩና ደወልኩለት።

«ክፍልህ ዝናብ እየገባበት ነው» አልኩት።

«ዝጊዋ!»

«ቁልፉ አንተ ጋ ነው።»

«እሱስ... በውጭ በኩል እጅሽ አይደርስም?»

«ይደርሳል።»

«ታዲያ?»

«ና ዝጋው።»

ዝናቡ ጃንጥላዬ ላይ ሲወርድ በስልኩ እንደሚሰማው አውቃለሁ።

«ቅዳሜ» አለ በመጨረሻ።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ሌላም ዝናብ ዘነበ። ከበሩ ሥር አሮጌ ፎጣ አኖርኩና ጠዋትና ማታ ጨመቅኩት።

ቅዳሜ ሱቁን ሳልከፍት ጠበቅኩት። መጣ። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አወጣ፣ ያበጠውን ወለል እየረገጠ ጮኸብኝ፣ «የተማርሽ ሰው አይደለሽም? አንዴ ገፋ ማድረግ ያቅትሻል?» አለኝ። እኔ ዓሣ ጠበስኩ። ሲበላ ረሳውና ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት አወራኝ። ማታ በግድግዳው በኩል ሲያስል ሰማሁት፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ አልጋው ሲንቋቋ። እንቅልፍ ቶሎ ወሰደኝ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ከሱቃችን የወሰደውን መቀርቀሪያ መስኮቱ ላይ ገጠመ። ከውስጥ ዘጋው። ወደ ጓሮ ዞሮ ከውጭ በሁለት እጁ ሞከረው፤ አልነቃነቅ አለ።

«በቃ» አለኝ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ ደስ ብሎት። «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ዝናብ አይገባበትም።»

እውነቱን ነበር፤ በደንብ ነው የዘጋው፤ «ና ዝጋው» የምለው አልቀረልኝም። እስከ መንገዱ ሸኘሁትና ባጃጅ ያዘ።